የቪትዝ የፊት መብራት ሶኬት ቀለጠ፤ ፕላስቲኩን ብቻ መቀየር ይበቃል?

ሳቢያን፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ቶዮታ ቪትዝ ነው፣ አምፖሉ ኤች 4 (አጭሩና ረጅሙ በአንድ አምፖል)። የግራው አጭር መብራት ደብዝዞ ከርሞ አሁን ጭራሽ ጠፋ፤ ረጅሙ ግን ይበራል። ሶኬቱን ስነቅለው ከሦስቱ ቀዳዳዎች የአንዱ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል፣ ውስጡ ያለው ተርሚናል (ምላሱን የሚይዘው ብረት) ደግሞ ከአምፖሉ ምላስ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ፊውዙ ደህና ነው። አምፖሉ 100/90 ዋት ነው (ረጅሙ 100፣ አጭሩ 90)። ሶኬት ከነሽቦው ገዝቼ ብቀጥለው ይበቃል? በሊድ ይበየድ ወይስ ይጨመቅ? መኪናው ማታ ማታ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ስለሚገባ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ድንገት እንዲጨልም አልፈልግም።

የከዚራው፦
ፕላስቲኩን ያቀለጠው የላላው ሴት ተርሚናል ነው፤ ፕላስቲኩ የመጨረሻው ተጎጂ ነው። ተርሚናሉ ሲላላ በመገናኛው ላይ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግድ ተቃውሞ) ይፈጠራል። 0.1 ኦም ብቻ ብንል፣ 55 ዋት አምፖል ወደ 4.6 አምፔር ስለሚስብ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 2 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። 90 ዋት ከሆነ 7.5 አምፔር ነው፤ ሙቀቱ 5.6 ዋት ይደርሳል፣ ወደ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የጋለ ተርሚናል ስፕሪንጉ ይሞታል፣ ይበልጥ ይላላል፣ ይበልጥ ይግላል። ፊውዝ ይህን አያይም፤ የሚቆርጠው አምፔር ሲበዛ ነው፣ ላላ መገናኛ ደግሞ አምፔሩን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ፊውዙ ደህና መሆኑ ምንም አያሳይም፤ ከፍ ባለ ፊውዝም እንዳትቀይረው።

መጀመሪያ ወደ መደበኛው 60/55 አምፖል ተመለስ። ምላሱ የጠቆረ አምፖል ቢበራም ይጣል፣ አዲሱን ሶኬት ያቃጥለዋል።

ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሞርሰቶ (የገመዱን ማሰሪያ) ፍታ። ሶኬት ስትገዛ ጭራው ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ብዙ ክር ያለው የመዳብ ሽቦ ይሁን። የቤት ዝርጋታ ነጠላ ሽቦ በንዝረት ስለሚሰበር አይሆንም። አሮጌውን ሽቦ ከሶኬቱ ወደ ኋላ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቁረጥና ክሮቹን እያቸው፤ መዳቡ ጠቁሮ ከሆነ ቀይ ብሩህ መዳብ እስኪታይ ድረስ ጨምረህ ቁረጥ። የጠቆረ ሽቦ ላይ የተሠራ ቅጥያ አይቆይም። ሦስቱን በአንድ ጊዜ እንዳትቆርጥ! አንዱን ቆርጠህ፣ ቀጥለህ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ጭራ ያለው ሶኬት የሽቦ ቀለሙ ከመኪናው ጋር አይገጥምም፤ የቀኙን መብራት እያየህ በምላሱ ቦታ አዛምድ። ቅጥያዎቹንም በአንድ ቦታ አትደርድር፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አዘዋውራቸው።

ጁገል፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ጥቂት ልጨምር። በሊድ ስትበይድ ሊዱ በክሮቹ ውስጥ ወደ ላይ ስለሚሳብ ሽቦው እዚያ ላይ እንደ ዘንግ ይደርቃል፤ ንዝረቱ የሚሰብረው ሊዱ ያለቀበት ላይ ነው። የእኔ ምርጫ በልኩ የመዳብ ማገናኛ መጭመቅ ነው፤ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ልጠህ፣ በመጭመቂያ ፒንሳ (በጥርስ ወይም በመዶሻ አይደለም አቦ!) ጨምቀህ፣ ጠንክረህ ጎትተህ ፈትን። የግድ ከበየድክ አሲድ ያለበት ፓስታ አትጠቀም፣ መዳቡን ይበላዋል፤ ቅጥያውንም ከሽቦው ጥቅል ጋር እሰረው፣ እንዳይወዛወዝ። ላዩን በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሰው። ናስትሮ ብቻውን በድሬ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል፣ አቧራ ይዞ ጥቁር ሊጥ ይሆናል።

ሴራሚክ ሶኬት አይቀልጥም፣ ያ እውነት ነው። ግን ተርሚናሉ ቢላላ መጋሉ አይቀርም፤ ምልክቱን ይደብቅና ሽቦውን ያቃጥልሃል። ጥሩ ተርሚናል ያለው ፕላስቲክ እመርጣለሁ። አዲሱ ሲገባ እምቢ እስኪል ጠበቅ ካላለ አትቀበለው።

አንድ ጥንቃቄ፦ በብዙ ቶዮታ ከሦስቱ ሽቦዎች ለአጭሩም ለረጅሙም የጋራ የሆነው ማሳ (ከቦዲ ጋር የሚገናኘው ኔጌቲቭ) ሳይሆን 12 ቮልት የሚመጣበት ነው፤ አጭሩና ረጅሙ የሚለዩት በኔጌቲቭ በኩል ነው። የጋራውን ማሳ ነው ብለህ ከቦዲ ጋር ካገናኘህ ፊውዝ ይበላል። በቴስተር ሳታረጋግጥ አትገምት።

ሳቢያን፦
አመሰግናለሁ። በቴስተር አምፖሉን ነቅዬ ስለካ በአጭሩ በኩል 12.4 ቮልት አለ። ስለዚህ ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው?

የከዚራው፦
አይደለም። አምፖሉ ተነቅሎ የሚለካ ቮልት ያታልላል፤ ጭነት ስለሌለ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ሽቦም 12 ያሳያል። አዲሱን ሶኬት ገጥመህ፣ መብራቱን አብርተህ፣ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከሶኬቱ ጀርባ 12 ቮልት የሚገባበት ተርሚናል ላይ አሳርፍ። የሚታየው በመንገድ የሚጠፋው ቮልት ነው፤ እስከ 0.2 ቮልት ጥሩ ነው፤ ከ0.5 ካለፈ ሌላም ቦታ ላላ መገናኛ አለ። ከዚያ በባትሪው ኔጌቲቭና በአጭሩ ተርሚናል መካከል እንዲሁ ለካ። አምፖል የሚደርሰው ቮልት 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይወርዳል፤ ያ ደብዝዞ የከረመው ለዚህ ነው።

ጁገል፦
የግራውን ጨርሰህ የቀኙን ሳትነቅል እንዳትተወው። ያም 100/90 ተሸክሞ ስለቆየ ተርሚናሉን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርገህ እይ፤ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ከሆነ ስፕሪንጉ ሞቷል፣ እሱንም ቀይረው።