ቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ ዋይፋይ አልገባ አለኝ

ጥያቄ፦ አናጺው፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ናችሁ? ጓሮ፣ ከቤቴ 20 ሜትር ያህል ራቅ ብላ፣ አንዲት የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው። አልጋና ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ራውተሩ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ነው። የወርክሾፑን በር ወለል አድርጌ ስከፍት ዋይፋዩ ይመጣል፤ ስዘጋው ድርግም። በደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ ማን በር ከፍቶ ይሠራል? ኮላው ራሱ አልደርቅ ይላል። ደንበኛ «ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ» ባለ ቁጥር ስልኬን ይዤ ግቢ መሀል እገተራለሁ። አንድ ባለሱቅ የሲግናል ማራዘሚያ ግዛ አለኝ። ያዋጣል?

ሌላው ሙዚቃ ነው። ትንሿ የብሉቱዝ ስፒከሬ መጋዙ ሲነሳ ድምጿ ይጠፋል። ሰጋቱራ ገብቶባት ታንኮራፋለች። ያለ ዘፈን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍጉ መዋል ልብ ያወልቃል። መላ በሉኝ።

መልስ፦ ገመድ ዘርጊው፣ ደብረ ሲና

ወንድሜ፣ ማራዘሚያውን ተወው። ቆርቆሮ ሲግናሉን እንደ መስታወት መልሶ ይወረውረዋል። ማራዘሚያውን ውስጥ ብትሰካው የሚያራዝመው ነገር አያገኝም፤ ውጭ ብትሰቅለው ያው ቆርቆሮ ይጠብቀዋል። ርካሾቹ ደግሞ በአንድ ሞገድ እየተቀበሉ በዚያው ስለሚልኩ ፍጥነቱን በግማሽ ያወርዱታል።

ኬብል ሳብ። ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ፣ ለውጭ የሚሆነውን ጥቁሩን። እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ያንተ 20 ሜትር ምኑም አይደል። በልብስ ማስጫው ላይ እንዳትወጥረው፤ የክረምቱን መብረቅ ታውቀዋለህ። ቱቦ ውስጥ ከተህ ቅበረው፤ ከመብራት ገመድ ጋር ግን በአንድ ቱቦ እንዳይሄድ። ወርክሾፑ ጋ ሲደርስ ኬብሉን ከቀዳዳው ዝቅ አድርገህ አጉብጠውና ወደ ላይ መልሰህ አስገባው። ገመዱን ተከትሎ የሚመጣው ዝናብ ጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ውስጥ አይገባም። የቆርቆሮው ጠርዝ እንዳይቆርጠው ቀዳዳው ላይ የጎማ ቁራጭ አልብስ።

ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር ይበቃል። ዲኤችሲፒውን (ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን) አጥፋ፤ ያን ሥራ ዋናው ራውተር ይሠራዋል። አድራሻውን ለይ፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይሄን 192.168.1.2 በለው። ኬብሉን «ዋን» የሚለው ላይ ሳይሆን ከ«ላን» ቀዳዳዎቹ አንዱ ላይ ሰካ።

መልስ፦ ባለ ቴፑ፣ መሐል ሜዳ

እኔ ስለ ሙዚቃው ልበል። ከመጋዝ ጋር አትፎካከር። የመጋዝ ማሽን ከ90 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል፤ በ85 እንኳ በየቀኑ 8 ሰዓት የሚውል ጆሮ ይጎዳል። መጋዙ ሲነሳ የጆሮ መከላከያ አድርግ። ዘፈኑ ለብርጭቆ ወረቀቱና ለቫርኒሹ ይቆይህ።

ከጋራዥ ፍላሽ የሚቀበል አሮጌ የመኪና ቴፕ ፈልግና 12 ቮልት ባትሪ ላይ እሰረው። መብራት ሲሄድም ይዘፍናል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅህም። ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጠጋ አድርገህ አስገባ፤ ሰጋቱራ ባለበት ቤት ገመድ ቢነካካ እሳት ነው። ለስፒከሮቹ የእንጨት ሳጥን ሥራላቸው፣ ሙያው ያንተ ነው። ፊታቸው ላይ ያረጀ ነጠላ ወጥር። ድምፁን ያሳልፋል፣ ብናኙን ያስቀራል። ቴፑን ራሱን ግን አትሸፍነው፤ ይግላል።

ቆርቆሮው ካስተጋባብህ አንድ ያረጀ የመንዝ ባና ግድግዳው ላይ ስቀል። ለብርዱም ይሆንሃል።

አናጺው፦

ተባረኩ! አሮጌ ራውተር መሳቢያ ውስጥ አለኝ፤ ቻርጀሩ ግን ጠፍቷል። ከዚያው ባትሪ ባስነሳው ይቃጠላል? ባናውን ባለቤቴ እንደማትሰጠኝ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ገመድ ዘርጊው፦

ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብብ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ 9 ወይም 5 የሚልም ስላለ እሱን በቀጥታ እንዳትሞክረው። 12 ቢሆንም ባትሪው ቻርጅ ላይ እያለ ቮልቴጁ ወደ 14 ስለሚወጣ መሀል ላይ 12 አድርጎ የሚያስተካክል ትንሽ ኮንቨርተር አስገባ። የመሰኪያው መሀል ፖዘቲቭ ይሁን ነጌቲቭ እዚያው ሥዕሉ ላይ አለ፤ ሳታይ እንዳትሰካ።