ዳማው ቆመ ወይስ አቆሙት?

የመሃል ሜዳው (ከመንዝ)፦ ትናንት የጥምቀቱ የፈረስ ግልቢያ እንዳለቀ በድምፅ ማጉያ የተባለው ነገር አልዋጥልህ ብሎኝ አደረ። «ዳማው ቀደመ እንጂ አላሸነፈም፤ መስመሩን እንዳለፈ ቆመ። ጉራቻው ግን እስከ ዋርካው ድረስ ጋለበ» ተባለ። ታዲያ መስመሩ ለምን ተሠመረ? በአንገትም ቢሆን የቀደመ ቀድሟል።

የጅሩው፦ ልክ ነው የተባለው። ዳማው ባዶ ሆኖ ነው የቆመው። ሜዳው ትንሽ ቢረዝም ጉራቻው ጥሎት ይሄድ ነበር። ፈረስ የሚያውቅ ሰው የተረፈ ትንፋሹን ነው የሚያየው።

የመሃል ሜዳው፦ «ቆመ» አትበል! አቆሙት! ልጆች ሜዳው ውስጥ ገብተው ጋላቢው ዛቡን፣ የልጓሙን ማሰሪያ፣ በሁለት እጁ ስቦ ነው የገታው። ልጓሙ ከንፈሩን አድምቶታል፤ አጠገቡ ነበርኩ።

የጅሩው፦ የአጎትህ ፈረስ ስለሆነ ነው አጠገቡ የነበርከው። ደሙስ ከአፉ ነው ከአፍንጫው?

የደብረ ብርሃኗ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ፈረስ በአፍንጫው ብቻ ነው የሚተነፍሰው፤ በኃይል ጋልቦ ከአፍንጫው ከደማ ብዙ ጊዜ ከሳንባው ነው። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ሽምጥ ሲጋልብ ከ200 ያልፋል። በዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ግልቢያ በተሰጠው ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ካልወረደለት፣ ቀድሞ ቢገባም ይሰረዛል።

የጅሩው፦ ይኸው! ከመስመሩ በኋላ ይዳኛል ማለት ነው።

የመሃል ሜዳው፦ እሷ ያለችው ስለ ማረፍ ነው እንጂ ስለ መጋለብ አይደለም። ጉራቻው ዋርካው ድረስ የሄደው ጋላቢው መግታት አቅቶት ነው!

የሰላ ድንጋዩ፦ ልጆቼ፣ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ነው የተባለው። ዳማው አድርሷል።

የጅሩው፦ ጋሼ፣ ማድረስማ በቅሎም ታደርሳለች። የዘመቻ ፈረስ ደርሶ ቀጥ ቢል ጌታውን ያስፈጅ አልነበረም? እርስዎ ይፍረዱ።

የቡልጋዋ፦ በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኒው ዮርክ ቤልሞንት ላይ ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገብቶ በ31 የፈረስ ርዝመት ቀደመ። መስመሩን ካለፈም በኋላ ጋላቢው ቶሎ አልገታውም። እዚያ የኋላውን ሩጫ የሚያዩት የሚቀጥለውን ውድድር ለመገመት ነው፤ ሽልማቱ ግን መስመሩ ላይ ያልቃል።

የመሃል ሜዳው፦ እግዜር ይስጥሽ እህቴ! የጅሩ ሰው ሰንጋ ማድለብ ያውቃል፤ ፈረሱን ለመንዝ ይተውልን።

የጅሩው፦ ሰንጋችንን አትንካ። መንዝ በበጉ ነው የሚታወቀው፤ እኔ ግን በግህን አላነሳሁብህም። ወደ ነገራችን፤ ዳማው ቆመ።

የመሃል ሜዳው፦ አቆሙት! ዛሬ ጠዋት ገብሱን ከእጄ ላይ ጠርጎ በልቷል፤ አፍንጫው ደረቅ ነው፣ ቁስሉ ከንፈሩ ላይ ነው። ባዶ የሆነ ፈረስ እንዲህ ይበላል? ቪዲዮው አለኝ፤ ዛቡ ሲሳብ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የጅሩው፦ ለጥፈው።