የእናቴ ልብ «ደም የመግፋት አቅሙ ደህና ነው» ተብሎ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ለምንድን ነው?

የአዳማው (ጠያቂ)፦
እናቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር ከተገኘባቸው 15 ዓመት ሊሞላ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከገበያ ሲመለሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ማታ ትራስ ካልደረቡ መተኛት አይችሉም፣ አመሻሽ ላይም የነጠላ ጫማቸው ማሰሪያ እግራቸው ላይ ሰርጉዶ ይታያል። በልብ አልትራሳውንድ ውጤታቸው ላይ የልባቸው የመግፋት አቅም 60 በመቶ እንደሆነና ይህም ጤናማ መሆኑ ተጽፎ፣ ከሥሩ ግን የግራው የልብ ክፍል ዘና ብሎ መሙላት እንዳልቻለ ተገልጿል። ደረታቸውን አሟቸው አያውቅም። ልብ በደንብ እየገፋ እንዴት ሊደክም ይችላል? ስኳሩስ ምን አገናኘው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
60 በመቶ ማለት ልብ ከሞላው ደም ውስጥ ስንት እጁን እንደገፋ እንጂ ምን ያህል እንደሞላ አይናገርም። 120 ሚሊ ሊትር የሞላ ልብ 60 በመቶውን ሲገፋ 72 ሚሊ ሊትር ይወጣል፤ 80 ብቻ የሞላው ግን በዚያው 60 በመቶ 48 ሚሊ ሊትር ብቻ ያወጣል። ደርቆ የጠነከረ አቁማዳ እህል እንደማይቀበል ሁሉ፣ የጠነከረ ልብም የሚመጣለትን ደም በቀላሉ ስለማይቀበል ግፊቱ ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ጋደም ሲሉ የሚብሰው መታፈን ከዚህ የሚመጣ ነው። ልብ በደንብ እየገፋም በሚገባ ባለመሙላቱ የሚመጣው ይህ ችግር አንዱ የልብ ድካም ዓይነት ነው።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ በልብ ጡንቻ መካከል ያሉትን የኮላጅን (ሕብረ ሕዋስን አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን) ክሮች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፣ ጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ ያበዛል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችንም ይጎዳል። ጡንቻው ግሉኮስን በሚገባ መጠቀም ስለሚያቅተው ይበልጥ በስብ ላይ ይደገፋል፤ ይህም ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ ኦክስጅን ያስፈጀዋል። የደም ግፊት ሲታከልበት የልብ ግድግዳ ይወፍራል። በአሜሪካ የሚካሄደው የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ስኳር ያለባቸው ወንዶች ስኳር ከሌለባቸው ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ሴቶች ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል ለልብ ድካም ይጋለጣሉ፤ ስለዚህ የእናትዎን ምልክቶች «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ስኳር ታማሚ፦
ደረታቸውን ባለማመሙ አትዘናጉ። እኔን ድንገት ላብ አጥምቆኝ ሲያቅለሸልሸኝ ስኳሬ የወረደ መስሎኝ ብለካው አልወረደም ነበር፤ ሆስፒታል ሄጄ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ስነሣ ግን የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ደም ሥር መዘጋት ሆኖ ተገኘ። ስኳር ሕመም የሚያሰማውን ነርቭ ጭምር ስለሚጎዳ ሕመሙን አልሰማሁትም ነበር።

ፋርማሲስት፦
ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉት መድኃኒቶች ስኳርን በሽንት ከማስወጣት ባለፈ ለልብ ድካም ይረዳሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት፣ የመግፋት አቅማቸው ከ40 በመቶ በላይ በሆነ ታማሚዎች ላይ ኢምፓግሊፍሎዚን በልብ ድካም ሆስፒታል መተኛትንና በልብና በደም ሥር ችግር መሞትን አንድ ላይ ሲቆጠሩ በ21 በመቶ ቀንሷል፤ ስኳር ያለባቸውም የሌለባቸውም ተጠቅመዋል። ዋጋቸው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሐኪማቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከጀመሯቸው ምግብ በማይወስዱበት ሁኔታ ወይም በሚያስመልሳቸው ጊዜ ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) በደም ውስጥ ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ጾም ከመያዛቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

በተቃራኒው ፒዮግሊታዞን የተባለው የስኳር መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ውኃ ስለሚያጠራቅም ለልብ ድካም አይመከርም። ለጉልበት ሕመም ከየመደብሩ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ናቸው፤ እናቶች «ማስታገሻ» ስለሚሏቸው መድኃኒት መውሰዳቸውን እንኳ ለሐኪም አይናገሩም።

የአዳማው፦
ዳይክሎፌናክ በቦርሳቸው አግኝቻለሁ። እስከ ቀጠሮ ድረስ ምን እንከታተል?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ማስታገሻውን ያቁሙላቸው፤ ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ በአንድ ሚዛን ይመዝኑና ይጻፉ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ፤ ተቀምጠውም ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ያለ ምክንያት ላብ ካጠመቃቸው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠን፣ የኩላሊትና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ውጤት ይያዙ፤ የመድኃኒት ምርጫው በእነዚህ ላይም ይመሠረታል።