ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ በራሴ ልሠራቸው የምችላቸው ነገሮች ምንድን ናቸው?

ተራ ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። በሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር በመገኘቱ ከረጢቱ እንዲወጣ ተወስኗል፤ ቀጠሮዬም ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል በካሜራ እየታየ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና እንደሆነና የተለየ ችግር ካልገጠመ በማግስቱ ወደ ቤት እንደምመለስ ሐኪሜ ነግሮኛል። ስለ ሕክምናው ራሱ ብዙ ጥያቄ የለኝም። ማወቅ የምፈልገው የእኔ ድርሻ የሆነውን ነው። እስከ ቀጠሮው ድረስ እጄን አጣጥፌ ከመጠበቅ ይልቅ ሰውነቴን የማዘጋጅበት መንገድ አለ? ቤት ከገባሁ በኋላስ ምን ያህል መተኛት፣ ምን ያህል መንቀሳቀስ ይገባኛል? ዘመዶቼ ከአልጋ ንቅንቅ ማለት እንደሌለብኝ ከአሁኑ እየነገሩኝ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ በቀን ጥቂት ሲጋራም አጨሳለሁ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስላለኝ እሱን ስለማቀፍም አስባለሁ። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የሌሊት ተረኛ

በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንዲያደርጉ የሚጠየቁትን ሁሉ ዛሬ፣ ምንም ሳያምዎት፣ ይለማመዱት። ገና ከሰመመን የነቃ፣ ሆዱን የሚያመውና እንቅልፍ የሚጫጫነው ሰው አዲስ ነገር መማር ያቅተዋል፤ አስቀድሞ የለመደውን ግን ሳያስብበት ይሠራዋል።

ለምሳሌ ከአልጋ አነሳስን እንውሰድ። አብዛኛው ሰው በጀርባው እንደተኛ በሆዱ ጡንቻ ተስቦ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ስፌት ላለበት ሆድ ከዚህ የከፋ የለም። ትክክለኛው መንገድ ጉልበትን አጥፎ፣ ትከሻንና ዳሌን አንድ ላይ ወደ ጎን አዙሮ፣ እግርን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች እየለቀቁ በክንድ መሬቱን ሳይሆን ፍራሹን ገፍቶ መቀመጥ ነው። ከተቀመጡም በኋላ ወዲያው አይቁሙ፤ የማዞር ስሜት እስኪያልፍ ድረስ ጥቂት ይቆዩ። ይህን እስከ ቀጠሮዎ ድረስ ጠዋት ጠዋት ቢያደርጉት በዕለቱ ማንም ሊያስታውስዎት አያስፈልግም።

አተነፋፈስም እንዲሁ ነው። በአፍንጫ ቀስ ብሎ በጥልቀት ስቦ፣ ጥቂት ሰከንድ ይዞ፣ በአፍ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ ከዚያም ትራስ ሆድ ላይ አቅፎ ጠበቅ እያደረጉ መሳል። ሆዱን ያመመው ሰው ሕመሙን ፈርቶ ከላይ ከላይ ብቻ ስለሚተነፍስ የሳንባው የታችኛው ክፍል በሚገባ አይከፈትም፤ አክታም እዚያው ይጠራቀማል፤ ለሳንባ ምች መንገድ የሚከፍተው ይህ ነው።

ሲጋራን በተመለከተ ለስለስ አድርጌ ልናገር አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መግለጫ ከቀዶ ሕክምና በፊት 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያቆሙ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግር ያነሰ መሆኑን ገልጿል። እርስዎ የቀረዎት ሦስት ሳምንት ቢሆንም ዛሬ ማቆም ከነገ ይሻላል። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ለቁስሉ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል፤ ከጭሱ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድም በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ይህኛው በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ በአብዛኛው ከደም ስለሚወጣ የመጨረሻዋ ቀን እንኳ ዋጋ አላት።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ከግፊት መድኃኒቶች መካከል በዕለቱ ጠዋት የሚወሰዱም፣ ለዚያች ጠዋት የሚዘለሉም ስላሉ የእርስዎን ለይቶ የሚነግርዎት ሐኪምዎ ነው። እንደ አስፒሪን፣ ዋርፋሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ያለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ ማቆምም፣ ሳይናገር መቀጠልም የለበትም። ብዙዎች እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥሯቸው የማይናገሯቸው የዕፅዋት ውጤቶችና የቫይታሚን እንክብሎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ የደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ እነሱንም ይጻፉ።

ከረጢት የለሽ

ይኸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ድኛለሁና ስለ ቤቱ ቆይታ ልጻፍ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስደነገጠኝ የሆዴ ሕመም አልነበረም፤ የቀኝ ትከሻዬ ነበር። ማንም ያልነካው ትከሻ ለምን እንደሚያም ግራ ገብቶኝ ስጠይቅ እንዲህ ተብራራልኝ፦ ካሜራው እንዲያይ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ተርፎ የሚቀረው ጋዝ ከሳንባ በታች ያለውን ዲያፍራም ሲቆጠቁጠው፣ የዲያፍራሙና የትከሻው ስሜት በአንድ የነርቭ መስመር ስለሚሄድ አእምሮ ሕመሙን ከትከሻ የመጣ ያስመስለዋል። ጋዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ በደም ተመጥጦ በትንፋሽ ይወጣል። እኔን የረዳኝ ቀስ ብሎ በቤት ውስጥ መመላለስ ነው። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረበት ግን ጋዝ ነው ብሎ መተው አይገባም።

ዘመዶችዎ ከፍቅር የተነሳ የሚናገሩትን አይቀየሙ፤ ነገር ግን አይከተሉት። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቶሎ እንዲነሳ ማድረግ ዛሬ የተለመደ አሠራር ነው፤ ዴንማርካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት በ1990ዎቹ ካስፋፏቸው ሐሳቦች አንዱም ይህ ነበር። መነሳት ሲባል ግን ጓዳ ገብቶ ሥራ መጀመር ማለት አይደለም። በየሰዓቱ ጥቂት እርምጃ መሄድ፣ ከዚያ ዐረፍ ማለት ነው። ተኝተው ሳሉም ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግመው ያንቀሳቅሱ፤ የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ስለሚገፋው በእግር ውስጥ ቆሞ እንዳይረጋ ይረዳል።

ማንም አስቀድሞ የማይናገረው ነገር የሆድ ድርቀት ነው። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች አንጀትን ያዘገያሉ፤ ማማጥ ደግሞ ለስፌቱ አይበጅም። ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ፍራፍሬና አትክልት ማዘውተር፣ መራመድ፤ ይህም ካልበቃ የሚያለሰልስ መድኃኒት ማስታዘዝ ይሻላል። ቅባት የበዛበት ምግብ ለጊዜው ይቆይዎት፤ ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ሐሞት ሳይጠራቀም በቀጥታ ወደ አንጀት ስለሚፈስ አንዳንዱን ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት ያስቀምጠዋል። ጥቂት ጥቂት አድርጎ ደጋግሞ መመገብ ይቀላል።

ስለ ልጅዎ፦ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ስለሚመዝን ሐኪምዎ እስኪፈቅድልዎት ድረስ ከመሬት አያንሱት። ይህ ማለት አያቅፉትም ማለት አይደለም። እርስዎ ደገፍ ብለው ይቀመጡ፤ ትራስ ሆድዎ ላይ ያድርጉ፤ ሌላ ሰው ልጁን አንስቶ ከጎንዎ ያስቀምጥልዎት። ልጁ የሚፈልገው እቅፍዎን ስለሆነ ማን እንዳነሳው አይቆጥረውም። ከአሁኑ ወንበር ላይ በራሱ ወጥቶ እንዲመጣልዎት ቢያለማምዱትም መልካም ነው።

ተራ ጠባቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የአነሳሱን ልምምድ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውኃም ቢሆን አይቀመስም የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው? ደግሞስ የሆዴን ፀጉር አስቀድሜ ቤት ውስጥ ብላጨው ሥራ አቀልላለሁ?

ሰመመን ሰጪ

የጾሙ ጉዳይ የእኔ ሙያ ስለሆነ ልመልስ። በሰመመን ጊዜ ጉሮሮን ከባዕድ ነገር የሚጠብቀው የሰውነት ምላሽ ስለሚጠፋ በጨጓራ ያለ ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ የምንፈራው ይህንን ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት መመሪያ ቀላል ምግብና ወተት 6 ሰዓት፣ ቅባት ወይም ሥጋ ያለበት ምግብ 8 ሰዓት፣ እንደ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ ያለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ደግሞ ሰመመኑ ከመሰጠቱ 2 ሰዓት በፊት እንዲቆም ይላል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በውኃ ጥም እንዲቃጠል የሚያስገድድ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይኖርም። ነገር ግን የስኳር ሕመም ያለበት፣ ጨጓራው ቶሎ የማይፈጭ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የተለየ ትእዛዝ ሊሰጣቸው ይችላል፤ የቀጠሮ ሰዓትም ሊቀደም ይችላል። የእርስዎ ሆስፒታል የነገረዎት ከዚህ ከበለጠ እሱን ያክብሩ፤ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ግን መብትዎ ነው። ሳያስቡት አንድ ነገር ከቀመሱም አይደብቁን፤ ቀጠሮ ቢተላለፍ ይሻላል።

የጥፍር ቀለም ካለ ይልቀቅ፤ በጣት ጫፍ ላይ የምንሰካው የኦክስጅን መለኪያ ብርሃን በጥፍሩ በኩል ስለሚያልፍ ቀለሙ ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ቀለበት፣ የሚወልቅ ጥርስና የዓይን ሌንስ ቤት ወይም በቤተሰብ እጅ ይቆዩ። ወደ ቤት ሲመለሱም መኪና እንዳይነዱ፤ ሰመመን ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት መንዳትም ሆነ ውል መፈረም አይገባም። የመጀመሪያዋን ሌሊትም ብቻዎን ባያድሩ ይመረጣል።

የሌሊት ተረኛ

ፀጉሩን አይላጩ። ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ትቶ ስለሚያልፍ ጀርም የሚገባበት በር ይከፍታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ በምላጭ መላጨትን በግልጽ ተቃውሟል። አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ እኛው በመከርከሚያ እናሳጥረዋለን። የእርስዎ ሥራ ከመምጣትዎ በፊት በሳሙና መታጠብና ንጹሕ ልብስ መልበስ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቁስሉን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ። ሐኪምዎ ሌላ ካላዘዘ ብዙ ጊዜ ከ48 ሰዓት በኋላ በሻወር መታጠብ ይቻላል፤ ውኃው በላዩ ይውረድ እንጂ አይፈተግ፤ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍና ቅባት መቀባት ይቅር። የሕመም ማስታገሻውን ሕመሙ እስኪበረታ ጠብቀው ሳይሆን በታዘዘው ሰዓት ይውሰዱት፤ ሕመሙ ሲታገስ መተንፈስም መራመድም ይቀላልና። ሆኖም በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ ሳያውቁት አይደራርቡ፤ ለአዋቂ ሰው የ24 ሰዓት ጣሪያው 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ነው፤ ጉበቱን ለታመመና ክብደቱ ለቀነሰ ሰው ከዚህም ያንሳል።

በቁስሉ ዙሪያ የሚሰፋ መቅላትና ሙቀት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ ከ38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት፣ በአንድ እግር ባት ላይ ብቻ የሚታይ እብጠትና ሕመም፣ ከቀን ወደ ቀን በመቅለል ፈንታ የሚብስ የሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆንና የሽንት መጥቆር፤ ከነዚህ አንዱ ከታየ በዕለቱ ይደውሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በተለይ የሐሞት ቧንቧ መዘጋቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ካጋጠመ ግን መደወል አይበቃም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን የሚነሳ ስልክ ቁጥር ይጠይቁና አብሮዎት የሚያድረው ሰውም ስልኩ ላይ እንዲመዘግበው ያድርጉ።