በስጦታ የተገኘ ሰዓት ያለ ደረሰኝ በዋስትና ለማሠራት፦ ከአያት ወዲያ ላለን ነዋሪዎች የቀረበ ጥቆማ

ጥያቄ፣ ከአያት ጨፌ

ጤና ይስጥልኝ። የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ለምረቃዬ ያበረከተልኝ ሴይኮ 5 አውቶማቲክ (ያለ ባትሪ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ) ሰዓት ዓመት ሳይሞላው ጊዜ መሳት ጀምሯል፤ አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሣም ቆሞ አገኘዋለሁ። ሣጥኑና የዋስትና ካርዱ በእጄ ናቸው፤ ደረሰኝ ግን የለኝም፤ ካርዱም ላይ የሻጩ ማኅተምና የተገዛበት ቀን አልሰፈረም። ሰጪውን ደረሰኝ ብጠይቀው ዋጋውን ለማወቅ የፈለግሁ ይመስልብኛል ብዬ እስካሁን ዝም ብያለሁ። ቦሌ ካሉት የሰዓት መደብሮች፣ ፒያሳና መርካቶ ካሉት ነባር ሰዓት ሠሪዎች፣ ወይስ እዚሁ ሰፈራችን ካሉት የትኛው ዘንድ ብሄድ ይሻላል ትላላችሁ?

መልስ፣ ከየካ አባዶ

እንኳን ለምረቃው አበቃዎ። የትም ከመሄድዎ በፊት ሰዓቱን ማንም እንዳይከፍተው አደራ እላለሁ። የዚህ ዓይነቱ ሰዓት የጀርባ ክዳን እየዞረ የሚከፈት ስለሆነ ተገቢው መክፈቻ በሌለው እጅ ሲነካካ ጭረት ይቀርበታል፤ ከዚያ በኋላ ደረሰኙ ቢገኝ እንኳ የዋስትና ክፍሉ ጭረቱን አይቶ ሌላ ሰው ከፍቶታል በማለት ሊመልስዎት ይችላል። የጠፋ ደረሰኝ በሌላ ማስረጃ ሊተካ ይችላል፤ የተከፈተ ክዳን ግን መተኪያ የለውም።

ቀጥሎ ነገሩ በእርግጥ ብልሽት መሆኑን ይለዩ። በአሁኖቹ ሴይኮ 5 ስፖርትስ ሰዓቶች ውስጥ የሚገኘው 4አር36 የተባለው ማሽን በቀን እስከ 45 ሰከንድ ቢቀድም ወይም እስከ 35 ሰከንድ ቢዘገይ አምራቹ ራሱ ካስቀመጠው ወሰን አይወጣም፤ ስለዚህ በሳምንት ሦስት ደቂቃ መሳቱ ብቻውን በዋስትና አያስጠግንም። ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ደግሞ ከእጅ ወልቆ 41 ሰዓት ያህል ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው እጁን እምብዛም ስለማያንቀሳቅስ ሰዓቱ በቂ ጉልበት ሳይሰበስብ ሌሊት ሊቆም ይችላል። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ በጎኑ ያለውን መሙያ ሳይስቡ ወደፊት 50 ወይም 60 ጊዜ ያህል ያዙሩት፤ ከዚያም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መቼ እንደሚቆም ይመዝግቡ። በአንድ ቀን ውስጥ ከቆመ ብልሽት አለበት ማለት ነው፤ መዝገብዎም ለመደብሩ የሚያቀርቡት ማስረጃ ይሆናል። የቆየው 7ኤስ26 ማሽን ግን በመሙያው አይሞላም፤ እርሱን በእጅ አጥልቆ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው መንገዱ። የትኛው እንደሆነ ከጀርባ ክዳኑ ላይ ይነበባል።

ሰዓቱ እየቀደመ ከሆነ ማግኔት ስቦም ሊሆን ይችላል። ከስልክ ድምፅ ማጉያ ወይም ማግኔት ካለው ቦርሳ አጠገብ የሚያድር አውቶማቲክ ሰዓት ይህ ያጋጥመዋል፤ ማግኔቱን የሚያስለቅቅ መሣሪያ ያለው ሰዓት ሠሪም ክዳኑን ሳይከፍት በአፍታ ያስተካክለዋል።

ሰዓታቸውን በእኛ አቆጣጠር የሚያስተካክሉ ሰዎች ብልሽት እያሉ የሚያመጡት ሌላም ጉዳይ አለ። አመልካቾቹ 12 ላይ ሲገናኙ በሰዓቱ መስኮት ላይ ያለው ቀን የሚለወጠው ከሁለት ዙር በአንዱ ስለሆነ ለውጡ ወይ ማለዳ ወይ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ምሽት ላይ ከዋለ አመልካቾቹን አንድ ሙሉ ዙር ወደፊት ማዞር ብቻ ይበቃል። ቀኑ ሊለወጥ ሲቃረብ ግን፣ ማለትም ሰዓቱ በ9 እና በ4 መካከል ሳለ፣ ቀኑን በእጅ መቀየር የማሽኑን ጥርሶች ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን ዓይነቱን ጉዳት ደግሞ ዋስትና አይሸፍነውም።

አሁን ወደ ማስረጃው ልምጣ። ይሉኝታውን እረዳዋለሁ፤ ነገር ግን የአጎትዎን ልጅ "ዋጋውን ሸፍነህ የደረሰኙን ፎቶ ብቻ ላክልኝ፤ የሚያስፈልገኝ ቀኑና የሱቁ ስም ነው" ቢሉት የሚቀየም አይመስለኝም። ወረቀቱን ጥሎት ከሆነ በካርድ የከፈለበት የባንክ ዝርዝር ወይም ሱቁ በኢሜይል የላከለት ማረጋገጫ ይረዳል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ለገዛበት ሱቅ ደውሎ ካርዱን በማኅተም እንዲያሟሉለት መጠየቁ ነው። በክዳኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥርም ጠቃሚ ነው፤ የሴይኮ የመጀመሪያው አኃዝ በፈረንጆች አቆጣጠር የተመረተበትን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር፣ ሁለተኛው ደግሞ ወሩን ያመለክታል። የተመረተበት ቀን የተሸጠበት ቀን ስላልሆነ መደብሩን አያስገድድም፤ ሆኖም ሰዓቱ የአምስት ዓመት ዕቃ እንዳልሆነ ያሳያል።

እዚሁ አገር የተገዛ ስጦታ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃም ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ከተፈጸመ የዝውውሩ መረጃ ከሰጪው ስልክ ላይ ይገኛል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይደበዝዛልና በተገዛበት ዕለት ፎቶ ማንሣት ይገባል።

ስለ ሦስቱ ምርጫዎች የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ቦሌ ያሉት መደብሮች ጥራታቸው ጥሩ ቢሆንም ዋስትና የሚሰጡት በአብዛኛው ራሳቸው ለሸጡት ነው፤ የዱባዩን ሰዓት ይዘው ሲሄዱ በገንዘብዎ እንደሚሠራ ሊነግሩዎት ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድመው ይደውሉና ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ የአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ናችሁ ወይ፣ ውጭ አገር የተሸጠ ሰዓትስ በዋስትና ትቀበላላችሁ ወይ። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ የሚያደርጉት ጉዞ ለድካም ብቻ ነው። ማስረጃው ከተሟላ ሰዓቱን በሚመለስ ዘመድ እጅ ለገዛበት ሱቅ መላክ ቢዘገይም ከሁሉ ያነሰ ወጪ ያለው እርሱ ነው፤ እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ።

ማስረጃው ጨርሶ ከታጣ ግን ቦሌ አልሄድም፤ ፒያሳ ወይም መርካቶ ካለ ነባር ሰዓት ሠሪ ዘንድ እሄዳለሁ። አውቶማቲክ ማሽን ፈትቶ አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ መልሶ የሚገጥም ባለሙያ የሚገኘው በብዛት እዚያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሱቆች ስለተነሡ፣ የሚያውቁት ሰው የት እንደተዛወረ ጠይቀው ይሂዱ። ድምፁን አዳምጦ ሰዓቱ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚስት የሚያሳይ መሣሪያ ያለውን ያስቀድሙ፤ ሲያስረክቡም መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ይቀበሉ፤ የሚለወጥ አካል ካለም አሮጌው እንዲመለስልዎ ይንገሯቸው። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰዓት ሠሪ ካጋጠመዎ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

አስተያየት፣ ከካራ

በብዙው እስማማለሁ፤ የሰፈራችን ሰዓት ሠሪዎች ግን ጨርሶ መዘለል አልነበረባቸውም። የባትሪ ሰዓት ከሆነ ባትሪ፣ ማሰሪያና መስታወት አብዛኛው ዋስትና ስለማይሸፍናቸው ለእነዚህ ሲባል መሀል ከተማ መውረድ ትርፍ የለውም። እኔ ካሲዮዬን ሁልጊዜ የማስቀይረው መንገድ ዳር መስታወት ሣጥን ዘርግተው ከሚሠሩ አንድ አባት ዘንድ ነው፤ ባትሪውን ከማሸጊያው ሲያወጡ እያሳዩኝ ነው። ማሸጊያ ጎማው እንዲታይ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል፤ ጎማው ከላላ ውኃ ይቋቋማል የተባለው ሰዓት እጅ ሲታጠቡበት እንኳ ጤዛ ያስገባል።

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ

እኔ ዘንድ ያለው ከአሜሪካ የተላከልኝ አፕል ሰዓት ነው። እንዴት ላድርግ?

መልስ፣ ከየካ አባዶ

ለእርስዎ ይቀላል። የአፕል ዋስትና በመለያ ቁጥሩ ስለሚመዘገብ ቁጥሩን በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡ ሽፋኑ መቼ እንደሚያበቃ ያሳይዎታል፤ መደበኛው ሽፋን አንድ ዓመት ነው። ሰዓቱ ግን በሰጪው መለያ ላይ እንደተመዘገበ ከሆነ ጥገና ላይ ሳለ የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ለማንም ከማስረከብዎ በፊት ላኪው ከራሱ መለያ ላይ እንዲያስወግደው ያድርጉ፤ ይህን እዚያው አሜሪካ ሆኖ ሊፈጽመው ይችላል።