ድንበር የማሻገር ወንጀል፦ ቅጣቱን በቀጠናው አገሮች እስከ የት እናጣጥም?

ደሴ ላይ ለሚሰጥ የሕግ ባለሙያዎች ሥልጠና፣ ስደተኛን በሕገወጥ መንገድ የማሻገር ወንጀል በቀጠናው አገሮች የሚጣጣምበትን የናሙና ድንጋጌ እያረቀቅን ነው። መነሻችን ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ፣ በጋላፊ ጅቡቲ ገብቶ በባሕር ወደ የመን የሚሻገር ወጣት ነው። የደላሎቹ ሰንሰለት አንድ ነው፤ የወንጀል ሕጉ ግን ሦስት።

ትርጉሙ አላስቸገረንም። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው ስደተኞችን ስለማሻገር የሚደነግገው የተባበሩት መንግሥታት የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ በአንቀጽ 6 የገንዘብ ወይም ሌላ ቁሳዊ ጥቅም የማግኘት ዓላማን ይጠይቃል። አንቀጽ 5 ደግሞ ስደተኛው በመሻገሩ ብቻ በፕሮቶኮሉ መሠረት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል፤ ይህ ፈጽሞ መነካት የለበትም።

የቸገረን ቅጣቱ ነው። መጀመሪያ «ከ5 ዓመት የማያንስ» ብለን የጋራ መነሻ አስቀመጥን። ሌሊት መንገድ ብቻ ያሳየው ልጅና የሰንሰለቱ አለቃ እኩል ከ5 ዓመት ጀመሩ፤ ዳኛው ቅጣቱን እንደ ተሳትፎው የሚመዝንበት ቦታ ጠፋ፣ የየአገሩ የቅጣት እርከንም ተፋለሰ። ቀጥሎ የአውሮፓ ኅብረት በሰው መነገድ ላይ ያወጣውን መመሪያ 2011/36 ስልት ሞከርን፦ የቅጣቱ ጣሪያ፣ ማለትም ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት፣ ቢያንስ 5 ዓመት ይሁን፣ መነሻውን አገሮች ይወስኑ። እርከኑ ዳነ፤ ደላላው ግን ቅጣቱ ወደሚቀልበት አገር መሸሽ ይችላል።

ተመጣጣኝነትን ሳንጥስ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን፣ ጣሪያውን ብቻ አጣጥመን እንተው ወይስ በፕሮቶኮሉ አንቀጽ 6(3) ያሉትን የቅጣት ማክበጃ ምክንያቶች፣ ማለትም ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥንና ኢሰብዓዊ አያያዝን፣ የራሳቸው የጋራ ጣሪያ እናብጅላቸው?