ክርክር፦ የታይሮይድ ምርመራ ለነፍሰ ጡር ሁሉ ይታዘዝ ወይስ ለተመረጡት?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መነሻ ከአንዲት አባላችን የመጣ ነው። የ9 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። «ጤና ጣቢያ ደም ሰጥቼ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስና የደም ዓይነት ታየልኝ። የታይሮይድን ነገር ግን ያነሳ የለም። ለምን?» ትላለች። ታይሮይድ አንገት ላይ ያለ፣ ለሰውነት ሆርሞን የሚያመርት ዕጢ ነው። እንግዲህ ምርመራው ለሁሉም ይታዘዝ? ወይስ ስጋት ላለባቸው ብቻ? በጨዋ ደንብ እንነጋገር፤ ዓመት ስትጠቅሱም በእ.ኤ.አ. ይሁን።

ሜሮን (ሜሪላንድ)፦ ለሁሉም! ፅንሱ የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን ማምረት የሚጀምረው ከ12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ራሱን የሚችለው ደግሞ እርግዝናው ሲጋመስ። እስከዚያ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። በ1999 ሃዶውና ባልደረቦቹ ያወጡት የአሜሪካ ጥናት የታወቀ ነው። ሆርሞናቸው አንሶ ሳይታከሙ የወለዱ እናቶች ልጆች፣ በ7 እና በ9 ዓመት መካከል ሲፈተኑ፣ የአእምሮ ብቃት ውጤታቸው ከሌሎቹ በአማካይ 7 ነጥብ ዝቅ አለ። ምልክቱ ደግሞ ያታልላል። ድካም፣ እንቅልፍ፣ የሆድ ድርቀት፣ ውፍረት። ይህን ሁሉ ማንም «እርግዝና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔም አርግዤ ሳለ እንደዚያ ተብዬ ነበር። ያወቅሁት ደሜ ሲታይ ነው።

ዶ/ር ናሆም፦ እህቴ ሜሮን፣ ሆርሞኗ በግልጽ ያነሰ እናት መታከም አለባት። እዚህ ላይ የሚከራከር ሐኪም አላውቅም። ጭቅጭቁ የመጣው በቀላሉ ዓይነት ነው። ቲኤስኤች (ታይሮይድን «ሥራ» ብሎ የሚያዘው፣ ታይሮይድ ሲደክም ከፍ የሚለው ሆርሞን) ትንሽ ከፍ ብሎ የታይሮይዱ ሆርሞን ራሱ ደህና ሲሆን ማለት ነው። ይህ በደንብ ተሞክሯል። በ2012 የወጣው የብሪታንያና የጣሊያን ጥናት ወደ 22 ሺህ ነፍሰ ጡሮችን መረመረ። በአንደኛው ወገን ችግር የተገኘባቸው ወዲያው ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን) ጀመሩ፤ የሌላኛው ወገን ደም የታየው ከወሊድ በኋላ ነው። ልጆቹ 3 ዓመት ሲሞላቸው የአእምሮ ብቃት ውጤታቸው በአማካይ 99 እና 100 ነበር። ልዩነት የለም። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ልጆቹን እስከ 5 ዓመት የተከታተለ ሌላ ሙከራም ለውጥ አላገኘም። ለሁሉም እንዘዝ ካልን የሚታይ ጥቅም ማሳየት አለብን።

ሜሮን (ሜሪላንድ)፦ ዶክተር፣ መድኃኒቱ መቼ እንደተጀመረ ለምን አይነግሩንም? በመጀመሪያው ጥናት ከ13 ሳምንት በኋላ። በሁለተኛው ደግሞ 17ኛው ሳምንት አካባቢ። ጣሪያው ከተመታ በኋላ መሠረት ማጠናከር እኮ ነው! ይህ «ሕክምናው አይጠቅምም» አያሰኝም፤ «ዘገየ» ነው የሚያሰኘው።

ሲስተር ትዕግሥት (አዋላጅ)፦ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው መዘግየት ነው፣ ሜሮንዬ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ እዚህ ኢትዮጵያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከ100 እናቶች 20ዎቹ ብቻ ናቸው። እኔ ጋ በአምስተኛው ወር ብቅ የምትል ብዙ ናት። ዛሬ ምርመራው ለሁሉም ቢታዘዝ ውጤቱ የሚደርሰው አንቺ «ዘገየ» ካልሽውም በኋላ ነው። መጀመሪያ እናቶቹ ቶሎ ይምጡልኝ። ቶሎ ሳይመጡ ትእዛዙ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው።

ጌታቸው (ላብራቶሪ)፦ ከማሽኑ ጎን ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። በእርግዝና መጀመሪያ የእርግዝና ሆርሞኑ ራሱ ታይሮይድን ስለሚያነቃቃ ቲኤስኤች ይወርዳል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር የተለየ መለኪያ፣ ማለትም ጤነኛ የሚባለው ቁጥር ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ወሰን፣ ያስፈልጋል። እኛ ወረቀቱ ላይ የምናትመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሪኤጀንቱ (ከመመርመሪያው ኬሚካል) ጋር የመጣውን፣ እርጉዝ ላልሆነ ሰው የተሠራውን ነው። መለኪያውም ቢሆን ሲለዋወጥ ነው የኖረው። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር በ2011 ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጣሪያው 2.5 ይሁን አለ። በ2017 ደግሞ የየአገሩ መለኪያ ከሌለ እስከ 4 ገደማ ይሁን አለ። ቲኤስኤችዋ 3 የሆነ እናት በአንዱ ታማሚ፣ በሌላው ጤነኛ ናት። የራሳችን መለኪያ ሳይኖረን ሁሉንም ብንመረምር ቁጥሩን ማን ይተረጉመዋል?

ዶ/ር ናሆም፦ አመሰግናለሁ ጌታቸው። መድኃኒቱም ቢሆን ጉዳት አልባ አይደለም። በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቀላሉ ዓይነት ያለባቸውን ከ5,400 በላይ ነፍሰ ጡሮች አየ። በታከሙት ላይ የፅንስ መውረድ ቀንሷል። ግን ያለጊዜው መውለድ፣ የእርግዝና ስኳርና የእርግዝና ደም ግፊት በዝቷል። ያ ማኅበርም ቢሆን «ለሁሉም ይመርመር» ወይም «አይመርመር» ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ነው ያለው።

ሜሮን (ሜሪላንድ)፦ ቻይና ግን ለሁሉም ትመክራለች። «ስጋት ያለባትን ብቻ» ሲባልስ ምን ይሆናል? በ2007 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ታይሮይዳቸው ካነሰባቸው ነፍሰ ጡሮች ሲሶ ያህሉ በዚህ መንገድ እንደሚያመልጡ አሳይቷል። እነዚያ እናቶች ምን በደሉ?

ሲስተር ትዕግሥት (አዋላጅ)፦ አልበደሉም። ግን እኛ ስጋት ያለባትን እንኳ አንጠይቅም። ባለፈው አንዲት እናት የታይሮይድ ክኒኗንና ከእኛ የወሰደችውን አይረን አንድ ላይ፣ ጠዋት በቡና ታወራርዳለች። አይረኑም ቡናውም መድኃኒቱን እንዳይመጠጥ ያደርጉታል። ክኒኑ በባዶ ሆድ በውሃ፣ ቡናው ቆየት ብሎ፣ አይረኑ ደግሞ ክኒኑ ከተዋጠ 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ መሆኑን የነገራት የለም። ማርገዟን ካወቀች በኋላም የክኒኑ መጠን አልተጨመረም። ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል፤ ስንቱን እንደሆነ ሐኪሟ ይወስናል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሃል ይህ ነው! ለዚህች እናት ጥናት አያስፈልግም፤ የሚጠይቃት ሰው ነው ያጣችው።

ጨዉንም አንርሳ፤ ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አርግዛ ያለች ሴት በቀን 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን ያስፈልጋታል። ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ያ የ2016 ጥናትም ከ100 ቤት በ89ኙ አዮዲን ያለበት ጨው አግኝቷል። በቂ ነው ወይ ግን? ክዳን በሌለው ዕቃ እሳት ዳር የሚቀመጥ ጨው አዮዲኑ ይባክናል።

አወያይ፦ ሲስተር፣ እንግዲህ ለጠያቂዋ ምን እንበላት?

ሲስተር ትዕግሥት (አዋላጅ)፦ እህቴ፣ በ9ኛ ሳምንት መምጣትሽ ትልቅ ነገር ነው። አንገትሽ ላይ እንቅርት ካለ፣ ታይሮይድሽ ታክሞ ወይም ተቀዶ የሚያውቅ ከሆነ፣ እናትሽ ወይም እህትሽ የታይሮይድ ችግር ካለባቸው፣ አንደኛው ዓይነት ስኳር ካለብሽ፣ ፅንስ ደጋግሞ ወርዶብሽ ከሆነ፣ በዚሁ ሳምንት ቲኤስኤች ይታዘዝልሽ። አትጠብቂ።

ዶ/ር ናሆም፦ በዚህ እስማማለሁ። እነዚህ ጥያቄዎች የክትትል ካርዱ ላይ ታትመው ቢገቡ እፈርማለሁ።

ሜሮን (ሜሪላንድ)፦ እኔም እፈርማለሁ። ግን አቋሜን አልለቅም። ከማርገዟ በፊት ልጅ ላስብ ብላ ሐኪም ዘንድ የሄደች ሴት ሁሉ ትመርመር። ያኔ ማንም «ዘገየ» ሊለን አይችልም።

ጌታቸው (ላብራቶሪ)፦ ያንን እንኳ እኔም እደግፋለሁ። ገና ስላላረገዘች ያለን መለኪያ ይሠራል።